የዐይን ቆብ

አማቴ ኤዱቪና ፍየል ስትመረምር
ዘላ በረት አትገባም፤ ከሩቅ ነው የምትጀምር።
ከአንዲስ የሚወርድ ነፋስ ቀሚሷን እያራገበው
ከካቡ ማዶ ትቆማለች፤ ዐይኗ ነው የሚያነበው።

«አንዴ ካየችሽ» ትለኛለች፣ «ደህና መስላ ትቆማለች፤
ፍየል እንደ ኩሩ ድኻ ሕመሟን ትሸሽጋለች።
ሳታይሽ እያት። ከመንጋው ወደ ኋላ ማን ቀረ?
ጆሮው የወደቀ ማን ነው? የማን ጠጉር ሻከረ?
ሌሎቹ ሲያመነዥኩ ዝም ብላ የተኛች ማናት?
ግንባሯን ከድንጋይ ያስደገፈች፣ እሷንስ ምን ጠናት?»

ከዚያ ነው የምትገባው። የአንዷን አንገት በብብቷ ይዛ
በአውራ ጣቷ የታች ቆቡን ገልጣ ታያለች ተክዛ።
«እንደ በርበሬ ከቀላ፣ ልቀቂያት፣ ሄዳ ትብላ።
እንደታጠበ ጨርቅ ከነጣ ግን
የጉበት ትል ነው፣ ደሟን የሚበላ፤
ከረግረጉ ሣር ጋር የዋጠችው፣ ቀንድ አውጣ ያሳደገው።
አገጯ ሥር ውኃ ከቋጠረ
መድኃኒትም ምን ሊያደርገው!»

እኔ ሰማያዊ ቀለም ይዤ የገረጡትን አሰምራለሁ፤
አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት... ከኋላዋ እቆጥራለሁ።

አንዷን ብቻ አትገልጣትም። ጎሎንድሪና ናት ስሟ፤
ባሏ በሞተበት ክረምት እሷ ነበረች አቅሟ፣
ጡጦ የጠባች፣ ከምድጃው ጥግ፣ ከእግሯ ሥር ያደገች።
«እሷማ ደህና ናት» ብላ፣ ዳቦ አጉርሳት አለፈች።

አይቻለሁ እኔ።
ማመንዠኳን ስታቆም፣ ጠጉሯ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ሲሆን
ከአንድም ሁለቴ አይቻለሁ።
ግን ምራት ነኝ። ምራት አማቷን አታርምም፤
የቀለሙን ጣሳ ከደንኩት።

በታኅሣሥ፣ ወደ ተራራው ግጦሽ ስንወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ጎዳና
ከሁሉም ኋላ ቀረች። «ደክሟት ነው» አለች ኤዱቪና፣
ዞር ሳትል።

ስመለስ ተንበርክካ አገኘኋት።
አገጯ ሥር የውኃ ከረጢት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል።
ቆቡን ገለጥኩት፤
ያልተጻፈበት ወረቀት።

ኤዱቪና መጣች። አየች። አላለቀሰችም።
ቢላዋውን ከወገቤ ራሷ መዘዘችው፤
ድንጋይ የከመርንባት ግን ሁለታችን ነን።

ማታ እሳት ዳር፣ ልጇን እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ
ወደ እኔ ተጠጋችና
በገዛ አውራ ጣቷ የዐይኗን ቆብ ወደ ታች ሳበችው።
«ካለፈው መጋቢት ጀምሮ አቀበቱ ይከብደኛል። እዪልኝ።
እሱን አልጠይቀውም፤ ይወደኛል።»

ጎንበስ አልኩ።
በእሳት ብርሃን ሁሉም ነገር ቀይ ነው።
«ሲነጋ» አልኳት።