የጆንያው ሆድ

እኔ የምውለው ሚዛን ላይ ነው፣
ፍኖተ ሰላም፣ ከዩኒየኑ መጋዘን።
በቆሎ ሲገባ፣ በቆሎ ሲወጣ፣
ስንቱ በእህሉ ምሎ ሲመጣ
አንድ ነገር ተማርኩ፦
የጆንያ አፍ ሁሌም ወርቅ ነው።
ነቀዙ ከሥር ነው፣ እርጥቡ ከሆዱ፤
ስለዚህ ቦይ ያላትን ሹል ብረቴን
ጎኑ ላይ ሰክቼ ነው የምፈርደው።

ፈቃዴ ሰኞ ያልቃል።
ምህረትአብ ስምንት ወሩ፣
ሁለት ጥርስ አብቅሏል፤ ጡቴ ያውቃቸዋል።
እናቴ ደጀን ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፤
አባቱ ከባድ መኪና ይዞ መተማ ያድራል።
ሠራተኛ ብዬ ያመጡልኝ ልጅ
ገና አሥራ ሦስቷ፤
እሷንስ ማን ይያዝልኝ?
አዝዬው ወጣሁ፣
ሰው የሚወጋ ብረት እንደሌለ እያወቅሁ።

የመጀመሪያው ቤት ቀለሙ ገና አልደረቀም፤
ግድግዳው ላይ ዝሆን፣ ግድግዳው ላይ ቀጭኔ።
ሴትዮዋ ሳልጠይቅ ዋጋ ነገረችኝ፣
ልጁን ቀና ብላ ሳታይ።
«ጓዳውን ልየው?»
«ሰው አይገባም እቴ።»
የጆንያ አፍ፣ አልኩ በሆዴ።
ዝሆኑ እስከ በር ሸኘኝ።

ሁለተኛው ቤት ጸጥታው ደስ ሊል ምንም አልቀረው።
ከረፋዱ አራት ሰዓት፣
አሥራ አንድ ሕፃን ባንድ ፍራሽ ላይ
እንደተደረደረ እሸት፣
ሁሉም ተኝቷል።
በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ፣ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ።
«አየሽ ጨዋነታቸውን!»
የአንዱን ጉንጭ ነካሁ፤ አልተገላበጠም።
ከመስኮቱ ደፍ የሽሮፕ ብልቃጥ፣
ማንኪያው ገና እርጥብ።
ነቀዝ ሲበላ ድምፅ የለውም፤
እኔ ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ።
በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ
በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ተናገርኩ፣ ፈረምኩ።
ያን ሌሊት ግን የአሥራ አንድ እናት እንቅልፍ
እኔ ላይ መጥቶ እምቢ አለ።

ጎረቤቴ፣ «አታካብጂ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አለችኝ።
ያድጋል።
ጉድጓዱን ግን ዕድሉ አይከድነውም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከላህ ወንዝ መውረጃ፣ አንጓች ቤት።
ገና ከአጥሩ ጩኸት ተቀበለኝ፤
አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይንከተከታል፣
አንዷ ድስት ትደበድባለች።
ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፤ ክዳኑ ላይ ቁልፍ፤
መክፈቻው አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር።
አምስት ልጅ፣ ሁለት ሴት።
ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ፤ የሥራ አባዜ ነው።
እጇን በሳሙና ታጠበች፤
ልጁን ግን አልነጠቀችኝም።
ፊቱ ቁጢጥ አለች፣ እስኪያያት ጠበቀች።
ብረቴን ልመዝ ስል
ቀደመችኝ።

«ሲከፋው ምን ይዞ ነው የሚረጋው?
በየት ጎኑ ይተኛል?
ምን እያልሽ ነው የምታባብይው? ንገሪኝ፣ እኔም እንደዚያ ልበለው።
የማይስማማው ምግብ አለ?
አንቺ ብትቀሪ ማን ይውሰደው?
ካልነገርሽኝ ሰው አልሰጥም፣
አጎቱም ቢሆን እያለቀሰ ይመለሳል።»

ወጋችኝ።
ከጎኔ እስከ ሆዴ።
የወጣው እህል እርጥብ ነበር።

«ስትሽ ነይ» አለች ስሸሽ፣ «ሳታንኳኪ።»

ሰኞ አስረከብኳት።
ለቅሶው እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ፣
መጋዘን ገባ፣ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ።
ሰባ ኩንታል መዘንኩ፤ አንዱም ትዝ አይለኝ።
ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳዬን ትቼ በባጃጅ በረርኩ፤
ሳላንኳኳ፣ በአጥሩ ስንጥቅ፦
አንጓች ጭን ላይ ነው፣
ጆሮዋን ይዞ፣
የኔን ጆሮ እንደሚይዘው አድርጎ፣
አፉ ገንፎ ሞልቶ ይስቃል።

አልፈለገኝም።
እሰይ፣ አልኩ።
እሰይ፣ የኔ ልጅ።
ደግሞ፦ እንዲህ ቶሎ?
ይህን የትኛው ሚዛን ያነሳዋል?

ተመለስኩ።
አንድ ገበሬ ጆንያውን ተደግፎ ይጠብቀኛል።
«ምርጥ ነው እቴ» አለኝ፣ «አፉን ብቻ እይው።»
ዓይኔን በሻሼ ጫፍ ጠረግሁና
ብረቴን አነሳሁ።