አምስተኛው ጎማ

ሲርካ መጣች ጠዋት፣ ጨለማው ሳይገፈፍ፣
ጓንቷን ሳታወልቅ፣ በሬን ደገፍ ደገፍ።
«ኦስሞ፣ ያቺ መብራት ዛሬም በራችብኝ፣
ቢጫዋ፣ ቃለ አጋኖ የዋጠችው፣
ከኢቫሎ ድልድይ እስከዚህ ጮኸችብኝ።»

«ብርድ ነው» አልኳት፣ እንደ ልማዴ፤
ሠላሳ ሦስት ዓመት ያደርኩበት ዘዴ።
አየርም እንደ ሰው ነው፣ ሲበርደው ይሰበሰባል፣
ጉልበቱን ታቅፎ ጥግ ይዞ ይተኛል፤
ፀሐይ ስትነካው እግሩን ይዘረጋል፣
መብራቷም ትጠፋለች፣ ባለመኪናም ይረሳል።
«ቀትር ላይ ትጠፋለች?»
ራሷን ነቀነቀች።
«ሞቀም ቀዘቀዘም በርታ ነው የምትውል፤
አራቱንም ሞላሁ፤ እሷ እቴ! ምን ልበል።»

ሲርካ ነርስ ናት፤ ጫካ ለጫካ ዞራ
የብቸኛ ሽማግሌ በር የምታንኳኳ፣ በየተራ።
የሰው ደም ግፊት መለካት የእሷ ሙያ፣
የጎማ ግፊት የእኔ ገበያ።

ክሪኩን አስገባሁ፤ ልኬቱን አነበብኩ፤
ፊት ቀኝ ሙሉ፣ ፊት ግራ ሙሉ፣ ኋላም ያው ነው፣ ለካሁ።
ቁጥር ብቻ አይቼ ማመን አልወድም፣
ዓይን ያላየውን ጣት አይምርም።
ሳሙና በጣሳ፣ በሙቅ ውሃ በጥብጬ
በቀለም ብሩሽ ቀባሁ፣ በጉልበቴ ተቀምጬ፣
ከቫልቩ አፍ እስከ ቸርኬው ከንፈር።
(ጨው የበላው ቸርኬ ነው አንዳንዴ ሌባው፣
በፀጉር ክር ቀዳዳ አየሩን የሚያወጣው።)
ምስማርም ቢሆን አረፋ ያሳብቅበታል፣
እንደ ዓሣ ዓይን አብጦ ይፈጣል።
ምንም። አረፋው ዝም። እኔም ዝም።
ሲርካም በርጩማው ላይ፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች፣ ዝም።

ያኔ ትዝ አለኝ የዚህ መኪና አመሉ፤
ጎማዎቹ አምስት ናቸው፣ በደንብ ሲቆጠሩ ሁሉ።
እስኮርታዋም ሴንሰር አላት፣ ከሆዱ ሥር ታስራ
ማንም ሳያያት የምታወራ።

በጀርባዬ ገባሁ። በረዶውን በመዶሻ ሰበርኩ።
የዛገው ቡሎን ላይ፣ በድርብ ቋጠሮ፣
ሰማያዊ የመረብ ገመድ አገኘሁ።
«ይሄን ማን ነው ያሰረው?» አልኩ ከሥር።
ቦት ጫማዋ ብቻ ነው የሚታየኝ፤
ግራው ቀኙን ረገጠ።
«ፔንቲ» አለች።

ፔንቲን አውቀዋለሁ፤ ሐይቁ ላይ መረብ ጣይ፣
ሁለት ክረምቱ ነው፣ ከሄደ ከእኛ ተለይ።
ቀብሩ ላይ ሲርካ አልተነፈሰችም።
በማግስቱ ሥራ ገባች፤ የሰው ስኳር ለካች።

ገመዱን ልቆርጥ ቢላዬን ሳወጣ
«አትቁረጠው፣ ፍታው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ መጣ።
ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጣቴ ደነዘዘ፤
እስኮርታው ዱብ አለ፣ ልፍስፍስ፣ የፈዘዘ።
ትንሽ አየር ሰጠሁት፤ ሳሙና ቀባሁት፤
ከቫልቩ አፍ አንዲት አረፋ፣
የገብስ ፍሬ አክላ፣ ወጥታ፣ አብጣ፣ ጠፋች፤
ሌላዋ ተከተለች።
ምስማር የለ፣ ስንጥቅ የለ፤
ውስጥ ያለችው መርፌ ናት፣ ሩብ ዙር የላላች።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን አንዲት ትንፋሽ።

«ተንፍሷል» አልኳት።
«ማን?» አለች።
ልመልስላት ስል ጓንቱን ፊቷ ላይ አየሁት፤
ዞር ብዬ ኮምፕሬሰሩን አስነሳሁት።
ድምፁ ጋራዡን ይሞላል፤
በእሱ ጫጫታ ሥር ሰው እንደልቡ ይተነፍሳል።
ጎማው ሞልቶ ካበቃም በኋላ አላጠፋሁትም።

ሂሳቡ አራት ዩሮ፣ የመርፌዋ ዋጋ።
ቡሎኑን በአዲስ ቀየርኩ። ገመዱን ጠቅልላ
ኪሷ ከተተች፤ ሄደች፣ ምንም ሳትል ሌላ።

ዓርብ ደወለች።
«ኦስሞ፣ አሁን ደግሞ ትጠቅሰኛለች፤
አንድ ደቂቃ ጠቅሳኝ ከዚያ ታፈጣለች።»
«ፍጥጥ ካለች አየር ነው፣ ከጠቀሰች ባትሪ፤
ሴንሰሩ አርጅቷል፤ አሥራ አንድ ዓመት
ያለ እረፍት ሲያወራ።
ብትፈልጊ ቀይሪ፣ ካልፈለግሽ አትቀይሪ።»
ዝም አለች። በስልኩ ውስጥ
የመስታወት መጥረጊያው ሲያቃስት ይሰማኛል።
«ትጥቀስ» አለች፣ «ለጊዜው።»