ግማሹን

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸጥታ ቀሰቀሰኝ።
ጩኸት አይደለም፤ ዝምታው ነው ያስደነገጠኝ።
ያ እንደ ድመት የሚያንኮራፋው ሞተር፣
ስንተኛ የማንሰማው፣ ስንነሳ የማናስታውሰው ነገር፣
ቀጥ ብሏል።

መብራት ሄዶ ይሆናል ብዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤
ገላን ማዶ ፋብሪካው እንደበራ ነው፤ ጭሱን ሳይቀር ለየሁ።
እንግዲያስ ማጣሪያው ራሱ ታንቋል፤
አረንጓዴ ነገር ጉሮሮው ላይ ተጣብቋል።

ዋቅላሚ ይባላል፤ ብሌን ከትምህርት ቤት ያመጣችው ቃል ነው።
ትርንጎ ግን "ጎመን" ነው የምትለው፤
"ጎመንህ ደርሷል፣ እጨደው!"

ባለፈው ጥቅምት፣ ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ገብታ
መስታወቱን አረንጓዴ ቀብታ
ዓሦቹን ከዓይናችን ስትሸሽግ፣
እኔም እንደ ሰው ቤት ላጸዳ፣ ወግ ላደርግ፣
ስፖንጁን ቧንቧ ሥር ጨመቅኩት፣ በበረኪና አሸሁት፤
እንደ ሠርግ ሸማ እስኪነጣ አጠብኩት።
እጄን በወገቤ አድርጌ ቆሜ አደነቅኩት።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ቀያዮች ተንሳፈፉ።
በአምስተኛው፣ ያቺ ጭራዋ የተቀደደው።
ብሌን መስታወቱ ላይ ጣቷን አስደግፋ
"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." ብላ ስትቆጥር ሰማሁ፤
ቶሎ ጨረሰች።
ውኃውማ ኩልል ብሎ ነበር፤
የሚኖርበት ጠፋ እንጂ።

ቃሊቲ፣ ከጎሚስታው ጎን ዓሣ የሚሸጠው ኅሩይ
አልሳቀብኝም። ነገሬን ሳልጨርስ ገባው።
"ስፖንጁ ውስጥ ነዋሪዎች አሉ" አለኝ፣ "በዓይን የማይታዩ፤
ከዓሣው ሽንት መርዙን የሚለዩ።
አንተ ያጠብከው እነሱን ነው።
ዋቅላሚውማ ምን ገዶት፤
ፀሐይህ አለችለት፣ የተረፈ መኖህ አለለት።
መስኮቱን ጋርድ። መኖውን በቁንጥጫ።
ስፖንጁን ደግሞ በገዛ ውኃው አለቅልቀው፤
በጣም አታጽዳው።"

በጣም አታጽዳው።
እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር?

አሁን ሶኬቱን ነቅዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣
የስልኬን መብራት በጥርሴ ነክሼ፣
ከገንዳው ቀድቼ ሰማያዊውን ሳፋ ሞላሁ።
የኩሬ ሽታ፣ የዝናብ ማግስት ሽታ።
ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ ያገኘሁት
ፀጉር ይመስላል፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣
በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብዬ ፈታሁት።

ብሌን ተነስታለች። ሳትጠየቅ ኩባያ አንስታ
ከፍ እያደረገች ውኃውን በውኃው ላይ ታፈሳለች፣
"እስኪሠራ እንዲተነፍሱ" ብላ።
የማክሰኞ ውኃ በጀሪካን ከበሩ ኋላ አለ፤
ክሎሪኑ እንዲበን ክዳኑን ከፍቼ ሦስት ቀን ያስቀመጥኩት።
አራተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻዬ ያመጣሁት።

የሳፋው እጣቢ አይደፋም።
ሲነጋ ወይዘሮ ሌሊሴ ከታች ትጣራለች፣
"የዓሣህ መረቅ የታለ?" ትላለች።
በብሎኮቹ መካከል ያለው ቃሪያዋ
እኔ ካልፈለግኩት አረንጓዴ ነው የለመለመ።

ሶኬቱን ሰካሁ። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣
ሁለተኛ ሳለ፣ አረፋ ተፋ፣
ከዚያ ማንኮራፋቱን ቀጠለ።
የተረፉት ሦስቱ ወደ ኋለኛው መስታወት ሄዱ፤
እዚያ ሆን ብዬ ያልፈገፈግኩት አረንጓዴ አለ፤
እሱን ይለቅማሉ።

እጄ እንደቀዘቀዘ አልጋ ገባሁ።
ትርንጎ ዓይኗን ሳትገልጥ
"ታጨደ?" አለችኝ።
"ግማሹ" አልኳት።