ከሰሙ ሥር

ከጊዮርጊስ ወረድ ሲሉ፣ ከዶሮ ማነቂያ አፍ፣
በጋሽ መንበሩ ፍሬም ቤት፣ ከመስተዋቱ ድርድር ጫፍ፣
ባለቤቱ የረሳው አንድ ሥዕል ነበረ፤
ቀብዱ ተከፍሎበት ሰባት ዓመት የኖረ።

የሄድሁት የእህቴን የምረቃ ፎቶ ላስገጥም ነበር፤
ሙጫው እስኪደርቅ ጠብቅ ቢለኝ፣ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ዞር።

ቀለማት የሉበትም፤ ጥቁር ብቻና ወረቀት፤
ጎቲክ የሚሉት ዓይነት፣ ሽቅብ የተወረወረ ጸሎት።
“ና እይ” አለኝ ጋሽ መንበሩ፣ ማጉሊያውን አቀብሎ፣
“ዓይንህን አታስቸኩለው፤ ይውረድ ቀስ ብሎ።”

ወረድሁ በዓይኔ ብቻ፣ ከጉልላቱ ጀምሬ፣
ደረጃ በደረጃ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ፤
ከአሸንዳው ውኃ የሚተፉ ባለክንፍ አውሬዎች፣
ራሳቸው የጎደለ ጻድቃንና ጳጳሶች፣
ግንቡን ከጎን የደገፉ የድንጋይ መቋሚያዎች፣
ማኅሌት ቆመው አድረው እንደደከሙ መሪጌቶች።
ጥላው ቀለም አይደለም፤ ጭረት ነው በጭረት ላይ፣
እየተቋረጠ የሚጠቁር፣ እንደ ክረምት ሰማይ።

“ሰውዬው” አለኝ “መዳቡን በሰም ለብጦ ሸፍኖ፣
በመርፌ ነው የጫረው፣ በላዩ ጎብጦ፣ መንኖ።
ሰሙ የተጫረበትን አሲድ ገብቶ በላው፤
የቀረው ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ያው የምታየው።
እኛ ሰሙን ስንገፍ ወርቅ ነው የምንሻው፤
እሱ ቁስል አገኘ። ቀለሙን የያዘው ቁስሉ ነው።”

ከታች፣ ከደጁ ሥር፣ ከጥፍር ያነሰች ሱቅ፤
አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ፣ ከደጇ የምትጠብቅ።
ሰሌዳዋን ላነብ ሞከርሁ፣ ፊደሉ እምቢ አለኝ፤
ቀኝና ግራው ተዛውሯል። ጋሽ መንበሩ ሳቀብኝ።
“እንዳየው ጫረዋ! ማተሚያው ገለበጠው፤
ይህን ሁሉ ዓመት ሰው የግራውን ቀኝ ሲለው።”

ከፍሬሙ ፈታና፣ ጀርባውን ወደኛ አዙሮ፣
ከመስኮቱ ላይ ለጠፈው፣ በጣቶቹ ወጥሮ።

ፊደሉ ተቃና።

ፀሐይ ግን ከወዲያ ናትና፣ የኛው መንገድ ጥላ ጣለበት፤
ያ የእንጨት በረንዳ፣ ቀይ ምልክት የተቀባበት፣
የኤስካቫተሩ ክንድ፣ ከማማው አጠገብ ቆሞ፣
ጥላው ካቴድራሉ ደረት ላይ ተጋድሞ።

ጋሽ መንበሩ ዝም። ጣቱ ግን አላረፈም፤
የበረንዳውን ፍርግርግ በጥፍሩ ይከተላል፣ አንዱንም አያልፍም፤
የቱ ዘንግ እንደጎበጠ፣ የቱ እንደተነቀለ፣
ርግቧ ሳትቀር።

“መርፌ አለህ?” አለኝ።
ማክሰኞ ነበር። ልቀቁ የተባለው ለዓርብ።