ዐሥራ ሰባተኛ ተራ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
አንድ የኒዶ ጣሳ አለ ከፍሪጁ በላይ፤
ወተቱ ያለቀው ገና እኔ ሳልወለድ፤
ክዳኑን አባቴ በቢላ ሲቀድድ
"ለአገር ልጆች ነው" ብሎ ነበር አሉ፤
እሱ አልፏል። ዲርሃሞች ዛሬም ይጮኻሉ።

አርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ሁሉም ይመጣል፤
ሸምሱ የታክሲውን ትርፍ ቆጥሮ ይጥላል፤
ሂክማ ከሳሎኗ፣ ሂና እንደቀባች፣
እንደ ክታብ አጥፋ ኖት ታሾልካለች፤
እናቴ ግን ሁሌ መጨረሻ ናት፣
የሻሿን ጫፍ ፈትታ፣ ቢስሚላህ ብላበት።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤
አርባ አንድ ስም አለው፣ አንዱንም የማላውቀው።
ቢስቲማን አላየሁ፣ ወረባቦን በስም፤
ጉም ምን እንደሚሸት እንኳን አላውቅም።
እዚህ ነው ያደግኩት፤ ዘመድ ይስቅብኛል፣
"አማርኛሽ ውስጥ አሸዋ አለ" ይለኛል።

ከዚያ በኩል ደግሞ አጎት ይመር አለ፣
ደረሰኝ ሲልክ አንዴም ያላጎደለ፦
ጫማ፣ አርባ አንድ ጥንድ። ዩኒፎርም፣ ሃያ።
አንድ መነጽር፣ ለሀዋ፣ ሰሌዳ ማያ።

ይህ ሁሉ ከአንዲት ጣት የተነሣ ነው።
እናቴ ስትመጣ ውሉን ያነበበው
ደላላው ነበረ። እሷ አውራ ጣቷን
ነክራ ፈረመች ሦስት ዓመት ሕይወቷን።
"ሁለት ነው" ብሏታል፤ ወረቀቱ ሦስት ይላል፤
ፊደል ያላወቀ ዓመቱ ይሰረቃል።
"ስለዚህ ነው ጣሳው" ትላለች ደጋግማ፣
"አንዲት ልጅ እንዳትሸጥ ጣቷን አስቀድማ።"

በሰኔ ዝርዝሩ መጣ እንደ ወትሮው፤
ዐሥራ ሰባተኛው ተሰርዟል ሳየው።
ረውዳ ሙሄ። ዘጠነኛ ክፍል። ከክፍሏ ሁለተኛ።
ከጎኑ በቀይ፦ "ዐረብ አገር ሄዳለች።" ይኸው ነው፣ ለእኛ።

እናቴ አነበበች፣ ማለት፣ አስነበበችኝ፤
ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ "ጣሳውን" አለችኝ።
አወረድኩላት። አቅፋው ተቀመጠች፣
እንደ ታመመ ልጅ። ምንም አልተናገረች።

ጥቅምት ላይ ስልክ መጣ፣ የማላውቀው ቁጥር፤
ከዓጅማን፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ከኛ ሰፈር።
ድምፁ ሹክሹክታ ነው፣ ከኋላው ውሃ ይፈሳል፦
"ረውዳ ነኝ፣ ከቢስቲማ። ስሜ እናንተ ጋ አለ ይባላል።"

"ለምን መጣሽ?" አልኳት፣ አፌ ቀድሞኝ፣ በቁጣ።
ቆየች። ውሃው ቆመ። "ጫማው ከየት መጣ?
ደብተሩስ? ቦርሳውስ? መምህሮች ሲያድሉ
'ከዐረብ አገር ነው' አይደል የሚሉ?
ምንጩ እያለ ለምን በጣሳ እጠጣለሁ
አልኩና መጣሁ። ይኸው፣ ሳህን አጥባለሁ።"

ስለ ጣሳችን ማን ነገራት? ማንም።

ሦስት ወር ፈጀ ማዳሟ ለአንድ አርብ እስክትፈቅድ፣
እናቴ በስልክ ስትለምን፣ ስትሆን ዘመድ።
መጣች። ቀጭን ናት። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤
አወቅኩት። ቁጥር ሠላሳ ስድስት። ያንኑ ነው ያደረገች።

እናቴ እጇን ይዛ አውራ ጣቷን ገለጠች፣
ቀለም ፈለገችበት። "አይ፣ ፈርሜያለሁ" አለች፣
"አንብቤ ነው። ሁለት ይላል። ሁለት ዓመት።"
ይህንን ስትል ቀና አለ ያ ቀጭን አንገት።
እናቴ ሳቀች ወይ አለቀሰች፤ አልለየሁትም፤
ሻሿ ፊቷ ላይ ነበር፤ ልጠይቅም አልፈለግሁም።

ከምሳ በኋላ ረውዳ ብድግ አለች፣
ከካልሲዋ ውስጥ አንድ ኖት መዘዘች፤
ዐሥር ዲርሃም። በቀዳዳው ቀስ ብላ ከትታ፣
"ወንድሜ ሃያ ሁለተኛ ነው" አለች ተረጋግታ።

ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። ግራው ተቀባይ ነው፣
ቀኙ ሰጪ። መስመሩን አባቴ ነው ያሰመረው።
ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። ኤሲው ያንጠባጥባል።
ረውዳ ሙሄ። ይህ ስም የቱ ጋ ይጻፋል?
ከግራው ሰርዘዋል። ቀኙ ጠበበ መሰለኝ።
እናቴ ከመኝታ ቤት፣ "ጻፍሽው ወይ?" አለችኝ።