ነገ ትነሳለች

አርብ ነው። አስር ሰዓት። ሙቀቱ እጁን ሰብሰብ ሲያደርግ፣
ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ማኅበሩ ይመጣል ጥግ ጥግ፤
ሰው ቀድሞ በእግሩ፣
ትራክተር ኋላ፣ በገመድ፣ ልክ እንደ በግ።

ትራክተር ስላችሁ፣ ሜዳ የሚገለብጠው እንዳይመስላችሁ፤
የጓሮ ናት፣ ትንሽ፤ ስትቀመጡባት ጉልበታችሁ ካገጫችሁ።
በብርቱካን ዛፍ መሀል ጎንበስ ብላ ስትሽሎኮለክ የኖረች፣
ዛፉ ሲደርቅ፣ ጌታዋ ሲሄድ፣ ለዶሮ ማደሪያ የተዳረች።

የማኅበሩ ሕግ አንድ ነው፤ ወረቀት ላይ አልሰፈረም፦
ትራክተሩ በአንድ ዙር የሚነሳለት ሰው፣ ከእኛ ጋር አይከርምም።

ጋሽ ተካልኝ የሽሚንደፈር ሰው ነው፣ አርባ ዓመት ባቡር የፈታ፤
ብሎን ሲያጠብቅ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንደሚሰማ የሩቅ እልልታ።
ሙሴ ያኒ፣ አባቱ ግሪክ፣ እናቱ የገንደ ቆሬ ልጅ፣
በሦስት ቋንቋ ሰድቧት፣ በአራተኛው ይለምናታል፦ «ተነሽ እንጂ ወዳጅ!»

ወይዘሮ ዘይቱና የባሏን ወርሳ፣ መጀመሪያ ልትሸጥ ነበር፤
አሁን ካርቡራተር እንደ ዶሮ ትበልታለች፣ አንድ ብልት ሳታስቀር።
እጇ ላይ ሂና፣ ሂናው ላይ ግሪስ።
«የቱ ቶሎ ይለቃል?» ስንላት፣
«ሁለቱም ይለቃሉ፤ የማይለቀው የናንተ ምላስ!»

እኔ? ያለኝ መሪ ብቻ ነው። ክብ፣ የተላጠ፣ ጥቁር መሪ።
ታቅፌው እቆማለሁ። «መሪስ አለን» ይላሉ፣ «የጠፋው ተመሪ!»

የጉሌድ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተነሳች።
ማኖቬላውን ያዞራል፤ ትስላለች፣ ታነጥሳለች፣ መልሳ ትተኛለች።
እሱም ላቡን በሽርጡ ጠርጎ፦ «አቦ ተዉኝ፣ ነገ ትነሳለች!»
ስለዚህ ስሟን ነገ አልናት፤ ያው ስም ሆኖ ቀረ።
የነገ ጎማ ተነፈሰ። ነገ ዘይት አፈሰሰች። ነገ ላይ ፍየል አደረ።

አንዴ እሽቅድድም አወጣን፣ ከድልድዩ እስከ ግራሩ ሥር፤
ሦስት ትራክተር፣ እና አሸዋ የጫነች አንዲት አህያ፣ ለክብር።
የያኒ መሀል ላይ ቆመች። የተካልኝ ወደ ኋላ ሄደች።
የዘይቱና አሸነፈች ልንል ስንል፣ አህያዋ ቀደመች።
ባለ አህያው ሽልማት ጠየቀ፤ ግማሽ ኪሎ ሐላዋ ነበር፤
ሰጠነው። አህያዋም ድርሻዋን በላች፣ ከነጋዜጣው፣ ከነክር።

ሸምሱ ቆራሌው በየሳምንቱ ብቅ ይላል፣ ከነጆንያው፣ ከነሚዛኑ፤
«ቆራሌው!» ይላል ረዘም አድርጎ፤ ከነገ ላይ አይነሳም ዓይኑ።
«በኪሎ ሃያ አምስት። ኧረ ሠላሳ! እንዲህ ያለ ገዢ አታገኙም!»
ጉሌድ ጫቱን ከጉንጩ ሳያወጣ፣ ቀናም ሳይል፦
«ዛሬን ከፈለግክ በኪሎ ውሰዳት፤ ነገን ግን ለማንም አልሰጥም።»

ባለፈው አርብ ሸምሱ መጣ። አልጮኸም።
ጆንያውን ዘረገፈው፤
ከሰባራ ድስት፣ ከቆርቆሮ መሀል አንድ ማኜቶ ተንከባለለ።
«ስድስት ወር ደብቄዋለሁ» አለ፣ ወደ መሬት እያየ፣ «ሚዛኔን እያጎደለ።»

ዘይቱና አሰረችው። ተካልኝ ዓይኑን ጨፈነ። ያኒ ስድቡን ረሳ።
ጉሌድ ማኖቬላውን ያዘ፤ አዞረ፣ አንዴ ብቻ፤
ፍየሏ ዘላ ስትወርድ፣ ነገ ጥቁር ጢስ ተፍታ ስታገሳ!
ድምጿ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚፈጩ ይመስላል።
ሸምሱ የቆራሌነቱን ጉሮሮ ከፈተ፦ «ነገ ዛሬ ተነሳች!»
ድልድዩ ላይ ባጃጆች ቆሙ።

ሄደች። አሥር ክንድ፣ አሥራ አምስት። ከዚያ አሸዋው ዋጣት።
ሁላችን ስንስቅ ጉሌድ ብቻ ፊቱ ጠቆረ፦
«በአንድ ዙር ተነሳች እኮ። ልታስወጡኝ ነው?»

ተካልኝ አልመለሰም። አጎንብሶ ከሆዷ አንዲት ብሎን ፈታ፣
በመዳፉ አሻሽቶ፣ ለአዲሱ አባል፣ ለሸምሱ ሰጣት፦
«ያዝ። አርብ እንዳትቀር፤
እሷን ግን ቶሎ እንዳታመጣት።»