ደረጃ ንባብ

ጎህ ሲቀድ አባቴ ቢያዝን
ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ
ውሃው ውስጥ ከተተከለው ባለ ቁጥር ብረት ፊት ይቆማል፤
ማዕበሉ እስኪረጋ ትንፋሹን ይይዛል።
"ሁለት ሜትር ከአርባ አንድ" ይላል ለራሱ፣
እርሳሱን በምላሱ አርሶ ይጽፋል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ለውሃ ቢሮ እንዲህ አነበበ፤
ጥቅምት ሲያብጥ፣ ግንቦት ሲከሳ፣
ጣናን እንደ በሽተኛ ልጅ በየማለዳው ለካ።

እኔም ደረጃ አንባቢ ሆንኩ።
ፔዳ ግቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መብራት ባለበት ሌሊት፣
የካርቦንን እምብርት እቆጥራለሁ።
ስድስት ፕሮቶን፣ ስድስት ኒውትሮን።
አንዲት የጤፍ ፍሬ ጣናን ብታክል
እሱ ያኔም ለዓይን አይደርስም።
መነሻው ዜሮ። ከዚያ አራት ነጥብ አራት አራት።
ከዚያ ሰባት ነጥብ ስድስት አምስት።
መለኪያው ሜትር አይደለም፤
መስመሮቹ ግን አግድም ናቸው፣ እንደ መሰላል፣
ርቀታቸው ያልተስተካከለ፣
አናጢው ሰክሮ የሠራው የሚመስል።

አንድ እሑድ ወረቀቴን አይቶ ጠየቀኝ፤
"በዚህና በዚህ መስመር መካከል ምን አለ?"
"ምንም።"
"ታዲያ ከዚህ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ በየት አለፈ?"
"አላለፈም አባዬ። እዚህ ነበረ፤ አሁን እዚያ ነው።"
ዝም አለ።
ሠላሳ አንድ ዓመት
መካከሉን ሲለካ የኖረ ሰው ነው።

እንድሪስ ታንኳ ወደሚሠራበት ዳርቻ ወሰደኝ።
ሦስት የደንገል እስር በአንድ ገመድ ተጠፍረዋል፤
አንዱን ሲመዘው ሦስቱም ተበተኑ።
"ይህንንስ አውቀዋለሁ" አልኩ፤
ሊቲየም አሥራ አንድ እንዲሁ ነው፣
ሁለት ኒውትሮን እንደ ሁለት ሻላዎች
ከደሴታቸው ርቀው ሲያንዣብቡ፣
አንዱ ከሄደ ሌላው አያድርም።
እንድሪስ ቀና ብሎ አየኝና ገመዱን አጠበቀ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ለአባቴ የካርቦንን ነገር አወራሁት፤

ሁለት ሂሊየም ቢገናኝ ስሙ ቤሪሊየም ነው፣
ሰላምታው ሳይጠናቀቅ መለያየት የሚቀድመው።
ሦስተኛ መንገደኛ በዚያች ቅጽበት ካልደረሰ፣
ካርቦን የተባለው ቤት ሳይጀመር ፈረሰ።
ቢደርስም፣ ያቺ ሰባት ነጥብ ስድስት አምስት ባትኖር፣
እግሩን የሚያሳርፍባት አንዲት እርከን ባትቆፈር፣
ደንገል የለም፣ ታንኳ የለም፣ ማንም አይቆም በጣና ዳር።

"እርከኗ ላይ ከደረሱት ስንቱ ይጸናል?" አለኝ።
"ከአሥር ሺህ አራቱ። የቀረው ተመልሶ ይበተናል።"
ውሃውን አየ። እጁን ነክሮ አወጣ።
"እና እኛ በአራቱ ነው የምንኖረው?"

ዘንድሮ ቢሮው ራሱን የሚያነብ መሣሪያ ተከለ።
አባቴ ጡረታ ወጣ፤ ደብተሮቹን ለእኔ ሰጠኝ፣
አሥራ ዘጠኝ ናቸው፣ እርጥበት ያሳበጣቸው።
መብራት ሲጠፋ በስልኬ ብርሃን እገልጣቸዋለሁ።
የእርሳሱ ጥቁረት አሁንም ጣቴ ላይ ይቀራል፤
እያንዳንዷ ቅንጣት በዚያች ጠባብ እርከን ያለፈች፣
ከአሥር ሺህ መካከል ያልተበተነች፣
ኋላም በአባቴ እጅ፣ በተጣመመ ፊደል፣
"ዛሬ ነፋስ የለም፤ ንባቡ እርግጥ ነው"
ብላ የጻፈች።